ተራ ግድያ፣ ቀላል ግድያ፣ በቸልተኝነት መግደል፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«ሳላስበው ነው የገደልኩት» የሚል ሰው ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው፤ «አስቀድሜ አላቀድኩም» ወይም «ሰው ይሞታል አላልኩም»። በሕግ ፊት ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ መግደል መነሻው አንቀጽ 540፣ ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ለዚህ ዕቅድ አያስፈልግም። ጠብ መሀል ቢላ አንስቶ ደረት ላይ የሰነዘረ ሰው፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ምንም ባያስብም፣ በዚያች ቅጽበት አስቦ አድርጓል። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። አስቀድሞ ማቀድም ወደዚህ የሚያደርሰው የገዳዩን ልዩ ጨካኝነት፣ ነውረኝነት ወይም አደገኛነት የሚያሳይ ሲሆን ነው። ለመግደል በተደራጀ ቡድን አባልነት ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን መግደልም እዚሁ ይገባል።

አንቀጽ 541፣ ቀላል የሰው ግድያ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ቀላል» ሲባል ገዳዩ መግደል አልፈለገም ማለት አይደለም። ሕጋዊ መከላከልን ከልክ ያሳለፈ፣ ወይም ከባድ ትንኮሳ ደርሶበት በድንጋጤና በብርቱ ስሜት የገደለ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ተሰድቦ ቤቱ ገብቶ፣ አድሮ በማግስቱ መሣሪያ ይዞ የተመለሰ ሰው ይህን አንቀጽ ቢጠቅስ የሚሰማው አያገኝም፤ ደሙ በርዷልና።

አንቀጽ 543 የቸልተኝነት ነው። እንደ ሐኪምና ሹፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ሰክሮ የነዳ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ግን ወደ ጽኑ እስራት ይሻገራል፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት።

በጣም የሚያከራክረው በሐሳብና በቸልተኝነት መካከል ያለው ድንበር ነው። ፍሬኑ መላላቱን እያወቀ «ምንም አይሆንም፣ እደርሳለሁ» ብሎ የተነሳ ሹፌር ቸልተኛ ነው። ሰው በተሰበሰበበት መንገድ ላይ አደጋውን እያየ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባ ግን፣ ማንንም ለይቶ ባይጠላ እንኳ፣ በአንቀጽ 58 መሠረት አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል።

ልብ ውስጥ ያለው በምን ይታወቃል? በውጭ ምልክት፦ ምቱ ያረፈው እግር ላይ ነው ወይስ አንገት ላይ፣ ስንት ጊዜ ነው፣ በምን መሣሪያ ነው፣ በፊት ዛቻ ነበር ወይ፣ ከወደቀ በኋላ ረዳው ወይስ ሸሸ። «የዚያ አገር ሰው ቁጡ ነው»፣ «የዚያ ሰፈር ልጅ ነው» የሚለው ወሬ ግን ለሐሳብ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖ መገኘትም የለበትም። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 4 ሰውን በዘሩ ወይም በማኅበራዊ ደረጃው መለየትን ይከለክላል፤ የሚፈረደውም በሰውየው ድርጊት ላይ እንጂ በወገኑ ላይ አይደለም።

የአንቀጹ ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን ያስጨንቃል። ሰው የሞተበትና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ክስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና ያስከለክላል። ስለዚህ በ540 የተከሰሰ ታስሮ ይከራከራል፤ በ541 የተከሰሰ ግን በዋስ ሊወጣ ይችላል። በ540 የተከሰሰውም ማስረጃው ትንኮሳን ካሳየ፣ ፍርድ ቤቱ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት አዲስ ክስ ሳይጠብቅ በቀለለው 541 ሊፈርድበት ይችላል።