«ኤአይ ሥራችንን በላው»፦ ደሴ ላይ የሚወራውና እውነታው

ደሴ ውስጥ ሥራውን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የሚለቅ ሰው ብዙ ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺው፣ ገጣሚው፣ መንዙማ ቀርጾ የሚያጋራው፣ የሱቅ ማስታወቂያ የሚሠራው ዲዛይነር። ሰሞኑን የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ «ኤአይ በኛ ሥራ እየሠለጠነ ነው»። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚባለው ፕሮግራም የኛን ሥራ እያየ መሥራት ይማራል ማለት ነው። ግማሹ ይናደዳል። ግማሹ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይላል። ጠዋት ተናዶ ከሰዓት በኤአይ ፖስተር የሚሠራም አለ፤ እኔን ጨምሮ።

ንዴቱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ግን ብዙ ጊዜ የሚቆመው በተሳሳተ ወሬ ላይ ነው። በተሳሳተ ወሬ የተከራከረ ሰው ደግሞ እውነት ይዞም ይሸነፋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ፎቶዬን ወስዶ ውስጡ አስቀምጦታል»

እንደምናስበው አይደለም። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለውን ሥዕል ሠሪ ሞዴል እንውሰድ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ከኢንተርኔት በተለቀሙ ከ2 ቢሊዮን በላይ ምስሎች ሠልጥኗል። ፋይሉ ግን 4 ጊጋባይት ገደማ ነው። ብታካፍሉት ለአንድ ምስል 2 ባይት አካባቢ ይደርሳል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ብቻዋን እንኳ ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ትይዛለች። ስለዚህ የጦሳ ተራራ ፎቷችሁ እንዳለ እዚያ ውስጥ የለም። ያለው ከብዙ ምስል የተወሰደ የቁጥር ክምር ነው፤ ተራራ ምን ይመስላል፣ ጉም እንዴት ይወርዳል የሚለውን የያዘ።

በጭራሽ አይቀዳም ማለት ግን አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከዚሁ ሞዴል መቶ ገደማ ምስሎችን ከሠለጠነባቸው ጋር አንድ ዓይነት ሊባሉ ምንም ያልቀራቸው አድርገው አውጥተዋል። በሥልጠናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገሙ ምስሎች ናቸው በዋናነት የወጡት። አንዴ ተለጥፎ የቀረ ፎቶ አደጋው ትንሽ ነው። በየገጹ ሲዞር የኖረ ፎቶ ግን ሌላ ነው።

«ሥራዬ ውስጡ ተቀምጧል» ብላችሁ ከተከራከራችሁ በቀላሉ ትሸነፋላችሁ። «ሳትጠይቁኝ ተማራችሁበት» ካላችሁ ግን መልሱ የሚቸግረው እነሱን ነው።

«ኦንላይን የወጣ ነገር የሁሉም ነው»

አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው መብቱ የሚመጣው ሥራው ሲፈጠር ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ግጥምና ሥዕል ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የፎቶግራፍ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከተሠራበት ጀምሮ 25 ዓመት። ለሕዝብ ማሳየት መብትን መስጠት አይደለም።

ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ፌስቡክ ላይ ስትመዘገቡ «እስማማለሁ» ያላችሁት ውል ለድርጅቱ ሰፊ ፈቃድ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ አዋጁ ሲወጣ ማሽን በሥዕል ይማራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስለ ሥልጠና የሚናገር አንቀጽ የለውም።

«ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ፈቃዱም የኔ ብቻ ነው»

ይቺ የኛን የፎቶ አንሺዎችን ቆዳ ትነካለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይላል። ሙሽሪትን አንስተን በማግስቱ ገጻችን ላይ ስንለጥፍ ጠይቀናት ነበር? ጥግ ላይ የተቀመጡትን እናቷንስ? «ሳትጠይቁን ወሰዳችሁ» እያልን እኛም ሳንጠይቅ ከለጠፍን ክርክራችን ይላላል። የቀረጻ ውል ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፤ የት እንደሚለጠፍ፣ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለመሆኑን።

«አልፈቅድም ብዬ ለጥፌያለሁ»

መስከረም 2017 አካባቢ «ለሜታ ኤአይ ፎቶዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም» የሚል ጽሑፍ ዓለምን ዞሮ ነበር። ኮፒ ፔስት ማድረግ ነበር ሥራው። ምንም አይሠራም። ውል በፖስት አይፈርስም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የአዋቂዎችን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ፖስቶች ለሥልጠና እንደሚጠቀም፣ ከወዳጅ ጋር የሚደረግ የግል መልእክትን ግን እንደማይጠቀም ይናገራል። አውሮፓ ያሉ ሰዎች የተቃውሞ ቅጽ ይሞላሉ፤ እዚያ የግል መረጃ ሕጉ ጥርስ አለው። እኛ ጋ ያለው አማራጭ ፖስቱን ለወዳጅ ብቻ ማድረግ ነው። ለሥራው ደንበኛ ለሚፈልግ ሰው ይህ አማራጭ ነው ከተባለ።

ቴሌግራምም ቢሆን «የራሳችን ቤት» አይደለም። የሕዝብ ቻናል ከሆነ አካውንት የሌለው ሰው በብራውዘር ከፍቶ ያነበዋል። ሰው ካነበበው ለቃሚ ፕሮግራምም ያነበዋል።

«ወተርማርክ ካደረግኩበት አይነካም»

ወተርማርክ፣ ማለትም ፎቶ ላይ የሚታተም ስም ወይም ምልክት፣ ሌባ ደንበኛን ይከለክል ይሆናል እንጂ ሥልጠናን አያቆምም። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የፎቶ ድርጅት ያየው ይህንኑ ነው፤ ስቴብል ዲፊውዥን የሠራቸው አንዳንድ ምስሎች ላይ የድርጅቱ ምልክት ተጣሞ ብቅ አለ። ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. በንግድ ምልክቱ ላይ በጥቂቱ ተፈረደለት፤ ሞዴሉ ራሱ የተቀዳ ሥራ ነው የሚለው ክርክሩ ግን ውድቅ ሆነ። ለዲጂታል ሠዓሊዎች የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግሌዝና ናይትሼድ የሚባሉ ነጻ መሣሪያዎች ሠርተዋል። ሥዕሉን ለሰው ዓይን ብዙም ሳይቀይሩ ለማሽኑ ያምታቱታል። ዋስትና ግን አይሆኑም፤ ለግጥም ደግሞ ጭራሽ አያገለግሉም።

«ሰውም ከሰው ነው የሚማረው፤ ምን ልዩነት አለው?»

ይህ ክርክር ወሎ ውስጥ ሲነሳ ጉልበት አለው። አምባሰልን፣ ባቲን፣ ትዝታን፣ አንቺ ሆዬን እገሌ ፈጠራቸው ተብሎ ስም አይጠራም። ማሲንቆ መቺው ከሌላው ሰምቶ ነው የያዘው። ሕጉም እስከዚህ ድረስ ከተከራካሪው ጋር ነው፤ የሚጠበቀው የተሠራው ሥራ ነው እንጂ ሐሳቡ ወይም ስልቱ አይደለም። በአምባሰል ቅኝት አዲስ ዘፈን ብትሠሩ ማንም አይከሳችሁም። በሌላ ሠዓሊ የቀለም አጣጣል ብትሥሉም እንዲሁ። ስለዚህ «ስታይሌን ሰረቀኝ» የሚለው አቤቱታ ፍርድ ቤት ሩቅ አይሄድም።

ስህተቱ «እንግዲያው ማሽኑም እንደ ሰው ነው» ሲባል ነው። ጀማሪ አዝማሪ መምህሩን ያውቀዋል፤ መምህሩም እሱን ያውቀዋል። አብሮት ሰርግ ይሄዳል፣ ከሽልማቱ ይካፈላል፣ ሲያድግም «ከእገሌ ነው የተማርኩት» ይላል። ማሽኑ የማንንም ደጅ ሳይረግጥ ቢሊዮን ምስል ያያል። የማንንም ስም አያነሳም። ከዚያ የተማረውን ለዚያው ዲዛይነር በወር ክፍያ መልሶ ይሸጥለታል። ኮምቦልቻ ላይ ማስታወቂያ ሠርቶ የሚበላ ልጅ ደንበኛው «ተወው፣ በኤአይ እሠራዋለሁ» ሲለው፣ ከራሱ ሥራም በተማረ ነገር ነው ገበያው የተወሰደበት። ሕግ ይህን ስርቆት ላይለው ይችላል። ደስ እንዲለን ግን ማንም ሊያስገድደን አይችልም።

«የሚቃወሙት ቴክኖሎጂ ጠል ናቸው»

በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ዴቪያንትአርት የተባለው የሠዓሊዎች መድረክ የራሱን ኤአይ አስተዋወቀ። የአባላቱ ሥራ ለሥልጠና ክፍት እንዲሆን፣ የማይፈልግ ራሱ እንዲያስወጣ አደረገ። አባላቱ ቁጣቸውን ሲያወርዱበት ወዲያው ገለበጠው፤ ካልፈቀዱ በስተቀር ዝግ። እነዚያ ሰዎች በኮምፒውተር የሚሥሉ ናቸው፤ ቴክኖሎጂ የሚጠላ እዚያ ምን ይሠራል? ጠቡ የነበረው «ማን አስቀድሞ ይጠየቅ» በሚለው ላይ ነው።

«አማርኛ አይችልም፤ የኛን ሥራ ምን ያደርግለታል?»

ተገላቢጦሽ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጽሑፍ ባነሰበት ቋንቋ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ ይበልጥ ይፈለጋል። አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ ግጥም የለጠፈበት ቻናል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

የደሴ ገጣሚዎች በዋናነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ይውሰዱት» ይላል። ዛሬ ኤአይን ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ጠይቁት፤ ቤት ይመታላችሁ ይሆናል፣ ወርቁ ግን አይገኝም። የኛ ጽሑፍ ካልገባ ልጆቻችን በራሳቸው ቋንቋ ጠይቀው የረባ መልስ አያገኙም። ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ሌላው ወገን «ይግባ፤ ግን ይጠየቅ» ይላል። እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ። ምክንያቴ ስሜት ብቻ አይደለም። ብዙ ሞዴሎች የአማርኛን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በበለጠ ብዙ ቁራጭ ይከፋፍሉታል። ክፍያው በቁራጭ ሲሆን ለተመሳሳይ ሐሳብ አማርኛ ተናጋሪው የበለጠ ይከፍላል። ሳንጠየቅ ሰጥተን፣ ስንገዛ ደግሞ አስወድደን!

«ፍርድ ቤት ወስኗል፤ ካሣ ይመጣል»

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሰምቶ ቻናሉ ላይ ያሉትን ግጥሞች መቁጠር ጀምሯል። የሆነው እንዲህ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ዳኛ አንትሮፒክ የተባለውን ኤአይ ሠሪ ኩባንያ ጉዳይ አይተው፣ በመጻሕፍት ማሠልጠኑ በአገሪቱ ሕግ የተፈቀደ ነው፣ መጻሕፍቱን ከሕገወጥ ድረ ገጾች አውርዶ ማከማቸቱ ግን አይደለም አሉ። ኩባንያው ከከሰሱት ደራሲዎች ጋር ክሱን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ፤ ለአንድ መጽሐፍ 3,000 ዶላር ገደማ። ለመካተት ግን መጽሐፉ በአሜሪካ የቅጅ መብት ቢሮ በጊዜው የተመዘገበ መሆን ነበረበት። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ግጥም እዚህ ውስጥ የለም። ሌሎች ክሶችም ገና ፍርድ ቤት ናቸው።

ከካሣው ይልቅ እዚህ ቅርባችን ያለው ውል ያሳስበኛል። ድምፅ ቅዱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ዓረፍተ ነገር ተርጉሙ ተብሎ ትንሽ ብር ሲከፈል፣ ያ ሥራ ለኤአይ ሥልጠና ሊሆን ይችላል። ክፋት የለውም፤ ቢያንስ ተጠይቃችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ለማን እንደሚሄድ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ስማችሁ ይጠቀስ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ውሰዱ።