ስኪ እና ማይንድፉልነስ፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ኦስሎ ውስጥ ክሮስ ካንትሪ ስኪ (በረዶ በለበሰ ሜዳና ጫካ ውስጥ በራስ ጉልበት እየተንሸራተቱ መሄድ) እሄዳለሁ ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ ማይንድፉልነስ (ልብን አሁን በሚሆነው ነገር ላይ የማድረግ ልምምድ) የገባኝ በሱ ነው ካልኩማ «በቃ ፈረንጅ ሆንሽ» ነው መልሱ። የሚደጋገሙትን ልመልስ እስቲ።

«ማይንድፉልነስ ጭንቅላትን ከሀሳብ ባዶ ማድረግ ነው»
አይደለም! ሀሳብማ ይመጣል፣ የጭንቅላት ስራው እሱ አይደል እንዴ። ልምምዱ ሀሳቤ እንደነጎደ ልብ ብዬ መመለሱ ነው። ቤት ተቀምጬ ስሞክር ጭልጥ ብዬ ሄጄ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው የሚገባኝ፣ ስኪ ላይ ግን ሙሉ ክብደትን አንድ እግር ላይ ጥሎ መንሸራተት ከዛ ወደ ሌላኛው ማዞር ስላለብኝ፣ ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ስጀምር ክብደቴ መሀል ላይ ይቀርና መንሸራተቱ ቀርቶ እግሬን እየጎተትኩ መራመድ እጀምራለሁ (ቁልቁለት ከሆነማ በቂጤ ነው)። ያኔ እመለሳለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ጊዜም ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም።

«የቡድሂስት እምነት ነው»
መነሻው ከዛ ነው፣ እውነት ነው። ሆስፒታሎች የሚሰጡት ኮርስ ግን ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ትምህርት ቤት ከጀመረው የመጣ ነው፣ 8 ሳምንት ነው፣ ማንንም ሃይማኖት ቀይር አይልም። እኔም ጾሜን አልተውኩም።

«ሀበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው»
ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 የቶሪኖ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚሁ በክሮስ ካንትሪ ነው፣ በ2010 ቫንኩቨርም ነበር።

«የሀብታም ስፖርት ነው»
ሊፍት ያለው፣ ከተራራ የሚወረድበት፣ አዎ ኪስ ያራቁታል። ይሄኛው ግን ከኦስሎ በስተሰሜን ያለው የኖርድማርካ ጫካ የስኪ መስመሮች በነጻ ናቸው፣ ቡአ የሚባሉት ማዋሻዎች ዕቃውን በነጻ ያውሳሉ፣ በ1 ቁጥር ሜትሮ ፍሮግነርሴተርን መጨረሻው ፌርማታ ሲወረድ በረዶው እዛው ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ቢሆንም መብራት ያላቸው መስመሮች ሞልተዋል።

«ድብርት ያድናል»
ለኔ ዊንተሩን አቅልሎልኛል፣ ግን ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው ስኪ ሂድ ማለት ነውር ነው፣ ሐኪም ጋር ይሂድ።

«ደራርቦ መልበስ ነው»
የኔ ትልቁ ስህተት! መጀመሪያ ቀን ጥጥ ቲሸርት ላይ ሁለት ሹራብና ወፍራም ጃኬት ደረብኩ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ላብ በላብ፣ ቆም ስል ደግሞ ጥጡ እርጥብ ስለነበር ተንቀጠቀጥኩ። ሲጀመር ትንሽ ብርድ ብርድ ማለት አለበት፣ ከውስጥ ስስ የሱፍ ልብስ። አሁን ጀርባዬ ሲሞቅ ሳያልበኝ በፊት ዚፑን ዝቅ አደርጋለሁ።