የኮድ ኤዲተር ሴቲንግ እና ተደጋጋሚ የጽሑፍ ሥራ

ኮድ ኤዲተር ፕሮግራመሮች ኮድ የሚጽፉበት ሶፍትዌር ነው። ሥራው ግን ኮድ ብቻ አይደለም። የመዝገበ ቃላት ፋይል፣ የትርጉም ሥራ፣ የስም ዝርዝር፣ ከድሮ ጋዜጣ ተለቅሞ የተተየበ ጽሑፍ፣ ሁሉም ይከፈትበታል። ትልቁ ጥቅሙ ከድግግሞሽ መገላገሉ ነው። አንዴ በደንብ ከተነገረው ሺህ ቦታ ላይ ራሱ ይሠራዋል። አማርኛ ላይ ግን መጀመሪያ የሚስተካከል ነገር አለ። ኤዲተሮቹ እንደተጫኑ ስለ አራት ነጥብ የሚያውቁት ነገር የለም። እኛ ነን በሴቲንግ የምንነግራቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ዩኒክስ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠራው ኢዲ የሚባለው ኤዲተር በአንድ መስመር ትእዛዝ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ይተካ ነበር። በ1976 ቪአይ እና ኢማክስ መጡ። ኢማክስ ስሙንም ያገኘው ከማክሮ ነው፤ ማክሮ ማለት ተቀድቶ የሚደገም የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። ቪም በ1991፣ ሰብላይም ቴክስት በ2008፣ የማይክሮሶፍቱ ቪኤስ ኮድ ደግሞ በ2015 ወጡ። ቪኤስ ኮድ በነጻ ስለሚገኝ እና በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ እዚህ ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከእሱ የተወሰዱ ናቸው።

መጀመሪያ መነካት ያለበት «ወርድ ሴፓሬተርስ» የሚባለው ሴቲንግ ነው። ቃል የት ላይ እንደሚያልቅ ለኤዲተሩ የሚነግሩ ምልክቶች ዝርዝር ነው። ነጠላ የላቲን ነጥብ አለበት፣ ኮማ አለበት፣ ቅንፍ አለበት። የእኛ ። ፣ ፤ ፡ ግን የሉበትም። ስለዚህ «መጣ።» የሚለው ላይ ደብል ክሊክ ሲደረግ አራት ነጥቡም አብሮ ይመረጣል። «ቤት» የሚለውን በሙሉ ቃል ፍለጋ ስንፈልግ «ቤት።» እና «ቤት፣» ያመልጡናል። በሁለት ነጥብ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ከሆነማ «ሰው፡ሁሉ፡መጣ» እንዳለ አንድ ቃል ነው። መፍትሔው እነዚህን ምልክቶች ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መጨመር ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአራት ነጥቡ የራሱ ጣጣ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። እዚያ ሁለት ነጥብ እና አራት ነጥብ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ፡፡ ይጽፋል። የላቲኑን :: የሚጠቀምም አለ። ለዓይን ሦስቱም ተመሳሳይ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው፤ ። ብሎ የፈለገ ሰው ፡፡ ያለበትን ዓረፍተ ነገር አያገኝም። በፈልግና ተካ ሁለቱንም ወደ ። መቀየር ቀላል ነው። :: ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በአንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች የራሱ ሥራ ስላለው ኮድ ያለበት ፋይል ላይ ዝም ብሎ አይተካም። ቪም ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር ይህን ራሱ እንዲያደርግ በማዘዣ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ይበቃል። ቪኤስ ኮድ ግን ከሴቲንጉ በተጨማሪ ኤክስቴንሽን (ኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ይፈልጋል።

የዚህ ሁሉ ጉልበት ያለው ሬጌክስ ውስጥ ነው። ሬጌክስ አንድን ቃል ሳይሆን የቃልን ቅርጽ መፈለጊያ ነው። [ሀ-ፚ]+ ብለን ስንጽፍ ማንኛውም በፊደላችን የተጻፈ ቃል ይያዛል፤ ሥርዓተ ነጥቡ እና የግዕዝ ቁጥሩ ይቀራል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ለ«የቃል ፊደል» የተዘጋጀው የሬጌክስ አጭር ምልክት ቪኤስ ኮድ በተከፈተ ፋይል ውስጥ ሲፈልግ የላቲን ፊደላትን እንጂ የእኛን አይቆጥርም። ቅንፍ ደግሞ የተያዘውን ክፍል ያስታውሳል። «ቡና፣ ጅማ» ዓይነት መስመሮች የሞሉበት ዝርዝር አለን እንበል፤ ቦታው ቀድሞ እንዲመጣ እንፈልጋለን። ፍለጋው ላይ (.+)፣ (.+) ይጻፋል፤ መተኪያው ላይ $2፣ $1 (መጀመሪያ ሁለተኛው ቅንፍ የያዘው፣ ቀጥሎ አንደኛው የያዘው ማለት ነው)። አንድ ቁልፍ ስንጫን «ጅማ፣ ቡና» ይሆናል፤ ዝርዝሩ ሃምሳ መስመርም ይሁን አምስት ሺህ።

ሬጌክስ ለከበደው ሰው ብዙ ከርሰር አለ። ቪኤስ ኮድ ላይ ቃሉን መርጦ ኮንትሮልን እና ዲን ደጋግሞ መጫን ነው፤ በየቦታው ያለው ያው ቃል አብሮ ይታረማል። ስኒፔትም አለ፤ አጭር ቃል ሲጻፍ ሙሉ ደብዳቤ ወይም ሙሉ የሠንጠረዥ ረድፍ ይዘረጋል።

ፋይል ሲቀመጥ የሚሠሩ ሴቲንጎችም አሉ። አንዱ በመስመር መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታን ይጠርጋል። ሌላው ፋይሉ በአዲስ መስመር እንዲያልቅ ያደርጋል። ማርክዳውን (ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ቅርጽ የሚያስይዝ አጻጻፍ) ለሚጽፍ ሰው ግን የመጀመሪያው ሊጎዳ ይችላል። እዚያ በመስመር መጨረሻ ያሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች መስመር ይሰብራሉ፤ ሲጠረጉ ግጥሙ ስድ ንባብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለማርክዳውን ብቻ ሴቲንጉን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ቪኤስ ኮድም ለየፋይሉ ዓይነት የተለየ ሴቲንግ ይቀበላል።

አንድ ነገር ግን በጅምላ መተካት የለበትም፤ ሞክሼ ፊደላት። [ሐኀ] ፈልጎ በሀ መተካት፣ ሠን በሰ መተካት ቀላል ነው፤ ለየሆሄው ሰባቴ መደጋገም ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለፍለጋ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንባቢው በየትኛውም ፊደል ቢፈልግ ያገኛል። በዋናው ጽሑፍ ላይ ግን ጥፋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀች ነው የሚባለው፤ ሌባ ደግሞ ሰረቀ። የደራሲው ምርጫ አንዴ ከጠፋ ከጽሑፉ ብቻ ተነስቶ የሚመልሰው ሬጌክስ የለም።

በቡድን ለሚሠሩ ሰዎች ሴቲንጉ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል። ቪኤስ ኮድ የፎልደሩን ሴቲንግ ከግል ሴቲንግ ያስቀድማል። የተለያየ ኤዲተር የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኤዲተርኮንፊግ የሚባል ፋይል አለ፤ ብዙ ኤዲተሮች ያነቡታል። እሱ የፋይሉን ኢንኮዲንግ (ፊደላቱ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡበትን ዘዴ)፣ ገባ ማድረጊያውን እና የመስመር መጨረሻውን ያስማማል። የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ዝርዝር ግን እዚያ አይገባም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ኤዲተር ላይ ይጨምረዋል።