«የሞዛርት ውጤት» ሲባል ምን ማለት ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለን ወላጆች መሃል «ልጄ ሲያጠና ሞዛርት ልክፈትለት?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ እስቲ ላስረዳ።

«የሞዛርት ውጤት» የሚባለው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓዊ የሙዚቃ ደራሲ የሞዛርትን ሥራ መስማት አእምሮን ያግዛል የሚለው ሐሳብ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተሠራ ጥናት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን ሙዚቃ ሰሙ። ከዚያ ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ጥያቄ ሲሰጣቸው ትንሽ የተሻለ ሠሩ። ጥቅሙ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆየም። ልብ በሉ፤ የተጠኑት ሕፃናት አይደሉም። ሙዚቃውም የተከፈተው ከሥራው በፊት እንጂ በሥራው መሃል አይደለም። «ልጅን ብልህ ያደርጋል» የሚለው በኋላ የተለጠፈበት ወሬ ነው። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች ምስጢሩን ከሞዛርት ይልቅ ከስሜት ጋር ያያይዙታል፤ ደስ የሚል ሙዚቃ ያነቃል፣ የነቃ ሰው ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ይሠራል።

እያጠኑ መስማት ሌላ ጉዳይ ነው። በደንብ የሚታወቀው፣ ግጥም ያለው ዘፈን ንባብንና ሽምደዳን እንደሚያውክ ነው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ደብተር ስታነቡ የአማርኛ ዘፈን ቢከፈት፣ የዘፈኑ ቃላት ከደብተሩ ቃላት ጋር ይሻማሉ። አንዱን አንቀጽ ሦስቴ የምትደግሙት ለዚህ ነው።

ግጥም የሌለው ሙዚቃስ? እሱ ከሰው ሰው፣ ከሥራ ሥራ ይለያያል። ልብስ ስትተኩሱ ግን ግጥምም ቢኖረው ክፈቱት፤ ድካም ያስረሳል። ለፈተና የሚያጠና ልጅ የሚወደውን ዘፈን ሳይቀመጥ በፊት ይስማና ያጥፋው። የታክሲ ረዳት ጩኸት ካስቸገረው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ዋሽንት ወይም ክራር ይሞክር።