አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው? የአእምሮ ጤና በመሐል አዲስ አበባ

መሐል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለአእምሮ ሕክምና ሩቅ አይሄድም። አማኑኤል ሆስፒታል መርካቶ ጥግ ላይ ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 እና ጳውሎስ ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። ከክፍለ ሀገር ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ለሚመጣ ሰው ይህ የማይታሰብ ነገር ነው። ግን ሕመምተኛው ሐኪሙን የሚያገኘው በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው። ስለ አእምሮ ጤና ሲወራ ሆስፒታሉ ይነሳል፤ ቤቱ ግን ይረሳል።

አማኑኤል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ስሙ የስድብ መሣሪያ ሆነ። ዛሬም ብዙ ሰው እዚያ በር ላይ ዘመድ እንዳያየው ፈርቶ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። የባለሙያው ቁጥርም ለረጅም ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። የሳይካትሪ ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን የጀመሩት በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ሳይካትሪስት ለመሆን ግን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት 11 ገደማ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ወጣ። ዋና ሐሳቡ ሕክምናው ከአንድ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚል ነው።

ትክክለኛ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው በር የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ካርድ ይወጣል፤ ሕመሙ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ በተለይ ይህን ቅደም ተከተል ቢጠብቅ ይሻለዋል። ሪፈር ሳይዝ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ወጪው በኪሱ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ መጠየቅ ነው። እዚያም ካልተገኘ ሐኪሙ ተመሳሳይ እንዲቀይርለት ተመልሶ መጠየቅ እንጂ መድኃኒቱን ዝም ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ችግሩ ሰው በሩ ጋ ሲደርስ የሚናገረው ሌላ መሆኑ ነው። «አዝኛለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። ታይፎይድ ይመረመራል። ጨጓራ ተብሎ መድኃኒት ይወስዳል። ሁለት ሦስት ክሊኒክ ይዞራል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በሆዳችሁ የያዛችሁትን ሐዘንና ፍርሃትም ተናገሩ። ድብርትን ለመለየት የሚያገለግል፣ በአማርኛም የተዘጋጀና እዚሁ የተጠና ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ። የሚጠይቀው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው። ደስ ይል የነበረው ነገር አላስደስት ማለቱን፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ድካምን፣ ራስን መጥላትን፣ መሞት መመኘትን ያነሳል። የአንድ ቀን መከፋት በሽታ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሳይለቅ ሥራና ኑሮን ሲያሰናክል ግን ባለሙያ ይየው።

ስለ መድኃኒቱም ግልጽ ነገር መነገር አለበት። ፍሉኦክሰቲን እና አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉት የድብርት መድኃኒቶች ውጤታቸው ጎልቶ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። የአፍ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ መሐል ላይ ነው። ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ይተወዋል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ደግሞ ሰውነት ሊያገትሩ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። ይህ ሲሆን ለሐኪሙ መንገር ነው፤ መጠኑ ይስተካከላል። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለከበደው የወር መርፌም አለ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። አስታማሚዋ ብዙ ጊዜ እናት፣ እህት ወይም ሚስት ናት። በቀጠሮ ቀን አማኑኤል ግቢ ለገባ ሰው ትታያለች። ካርዱንና የኪኒኑን ቅርፊት በፌስታል ቋጥራ በአንድ እጇ ይዛለች። በሌላው የልጇን ክንድ ይዛለች፤ ተነስቶ እንዳይሄድባት። እሱን የሚጠይቀው አለ፤ እሷን ግን «አንቺስ እንቅልፍ አለሽ?» የሚላት የለም። ልጇን ጥላ ለቅሶ መድረስ ስለማትችል እድሯ ላይ መቀጫ ትከፍላለች። ማኅበር ትቀራለች። ጎረቤት ቀስ በቀስ ይርቃታል። «በእኔ ኃጢአት ነው» እያለች ራሷን ትከሳለች። እንዲህ እየሆነች ከዓመት ዓመት ስትቆይ እሷም ልትታመም ትችላለች። ያኔ ቤቱ ሁለት ሕመምተኛ ይኖረዋል።

ቤተሰብ ስለ ሕመሙ በደንብ ሲማር ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ጩኸት፣ ወቀሳና ስድብ የበዛበት ቤት ግን ያገረሽበታል። የሌለ ድምፅ የሚሰማን ሰው «ውሸት ነው!» ብሎ መሟገት አይረዳም። «አዎ፣ እኔም ሰማሁ» ማለትም አይረዳም። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደፈራህ ይገባኛል» ማለት ይቻላል። ተራም መከፋፈል ያስፈልጋል። ቀጠሮውን ወንድም ይውሰድ፤ እሑድ አክስት ትምጣ። አስታማሚዋ በሳምንት ግማሽ ቀን የራሷ ይኑራት። ሐኪሙ ጋ ስትገባ ደግሞ አንድ ጥያቄ ስለ ራሷ ትጠይቅ። እድሮችም ቤት ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስታምም አባል ላይ የሚጥሉትን መቀጫ ቢያነሱ እወዳለሁ። እድር የተቋቋመው ሰው በጨነቀው ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር ነው። እንዲህ ያለው ቤት ጭንቁ በየቀኑ ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ ከሆስፒታል በፊት ጸበል ይሄዳል። ከመሐል ከተማ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅርብ ናቸው። ሙስሊሙም ቁርኣን ያስነብባል፣ ዱዓ ያስደርጋል። ይህን መናቅ ትልቅ ስህተት ነው። ሰው እዚያ ተስፋ ያገኛል፤ ማንም አይጸየፈውም። የሚያሰጋው መድኃኒቱን አቋርጦ መሄዱ ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ጸበል በጠዋት በባዶ ሆድ ነው፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ደግሞ ሐኪሙ ከፈቀደ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። በረመዳንም ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ማዞር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። የንስሐ አባት ወይም ኢማም «መድኃኒትህን ዋጥ» ሲሉ ደግሞ ከሐኪሙ የበለጠ ይሰማሉ። ሰውን በሰንሰለት ማሰር ግን የትም ቢሆን ሕክምና አይደለም።

የከተማው ነባር ልማድ ራሱ ብዙ ጊዜ ሰውን ደግፎ ያቆማል። መርዶ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል እንጂ በስልክ አይወረወርም። ሐዘንተኛ ቢያንስ እስከ ሰልስት ብቻውን አይቀመጥም። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ላለባት እናት ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ሳትመጣ የቀረችው «ምን ሆና ነው?» ትባላለች። ይህ ሁሉ የቆመው ግን ሰው አጠገብ ለአጠገብ ስለሚኖር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የአርባ ዓመት ጎረቤት ግን አብሮ በዕጣ አይወጣም። በተለይ አዛውንቶችን ሄዶ መጠየቅ፣ ደውሎ ማናገር፣ እድሩም በአዲሱ ሰፈር እንዲቀጥል መርዳት የአእምሮ ጤና ሥራ ነው።

አንድ ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ወይም ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ በግልጽ ጠይቁት፤ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። አዎ ካለ አትቆጡት፣ ኃጢአት ነው ብላችሁ አትስበኩት፣ ብቻውንም አትተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ከዚያ በዚያው ቀን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መውሰጃ ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።