ቀይና ቢጫው ባንዲራ «አትዋኙ» ማለት አይደለም

ለገጣፎ ያለችው የእህቴ ልጅ በቅርቡ ሲድኒ ትሄዳለች። ዋና የተማረችው ገንዳ ውስጥ ነው። ትናንት ቡና እየጠጣን የቦንዳይን ባሕር ዳርቻ ፎቶ አሳየችኝና «ቀይ ነገር ካለበትማ እርቃለሁ» አለች። ደነገጥኩ።

ነገሩ ተቃራኒው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ከተተከሉ የሚዋኘው በመካከላቸው ነው። ነፍስ አድን ዋናተኞቹ የሚጠብቁት እዚያን ቦታ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀይ ከሆነ ግን መግባት ክልክል ነው። በሰርፍ ሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡት ከባንዲራዎቹ ውጪ ናቸው፤ ሰሌዳው ዋናተኛ ከመታ ክፉኛ ይጎዳል።

የባንዲራው ቦታ እንደ ባሕሩ ሁኔታ ይቀያየራል። ዋናው ምክንያት «ሪፕ» የሚባለው፣ ሰውን ከዳር ወደ ጥልቁ የሚወስድ ጅረት ነው። አሳሳች ነው። ብዙ ጊዜ ውኃው ጠቆር ይላል፣ ማዕበልም እምብዛም አይሰበርበትም። የቢሾፍቱን ሐይቅ የለመደ ሰው «ይሄኛው ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ዘው ይላል።

«ከወሰደሽ አትታገዪው» አልኳት። «ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ተጣሪ። ባንዲራ ከሌለ ጠባቂም የለም ማለት ነው፤ ያን ቀን አሸዋው ላይ ተቀመጪ።»