የወንዝ ውሃ ጥራት ክትትልና ደረጃ አሰጣጥ

የወንዝ ውሃ ጥራት ክትትል ከተመረጡ ቦታዎች በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ ውሃው ምን እንደያዘና ምን ዓይነት ሕይወት እንደሚያኖር መመርመር ነው። ደረጃ የሚሰጠውም በዚሁ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሙቀት፣ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) እና የሟሟ ኦክስጅን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ፤ ናሙናው እስኪጓጓዝ ይለወጣሉና። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ እርሳስና ኢኮላይ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ይመረመራሉ። ናሙና ቀጂው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይቆማል፤ እግሩ የቀሰቀሰው ጭቃ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ የሚናገረው ኦክስጅን ነው። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ፍሳሽ ሲገባ ብስባሹን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ይህችኑ ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። የሽሚያውን መጠን ለማወቅ ናሙናው በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ ለ5 ቀን ተዘግቶ ይቆይና የጎደለው ኦክስጅን ይሰላል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ አልጌ (ቀን ኦክስጅን የሚሰጥ፣ ሌሊት ግን የሚወስድ የውሃ ውስጥ አረንጓዴ) የበዛበት ወንዝ በቀትር ኦክስጅን ተትረፍርፎበት፣ ሊነጋ ሲል ግን ዓሣ እስኪታፈን ድረስ ሊጎድልበት ይችላል።

ጠርሙስ የሚይዘው የዚያችን ደቂቃ ውሃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ መርዝ በማግስቱ ቀትር ታጥቦ ይሄዳል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ግን ወራትን እዚያው ስለሚያሳልፉ ያለፈውን ይመሰክራሉ። ድንጋይ ገልብጦ ጠፍጣፋ ሰውነትና ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸውን እጮች ያገኘ ሰው ውሃው ሰንብቶም ደህና እንደነበር ያውቃል። በብሪታንያ በተዘጋጀው የነጥብ አሰጣጥ የእነዚህ ቤተሰብ 10 ሲያገኝ፣ ብክለትን የሚችሉት ትሎች 1 ብቻ ያገኛሉ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውሃ መመሪያ የወንዞች ሥነ ምህዳራዊ ደረጃዎች 5 ናቸው፤ በካርታ ላይም ከሰማያዊ (ከምርጡ) እስከ ቀይ (እስከ መጥፎው) ይቀባሉ። ወንዙ የሚመዘነው ሰው ካልነካው መሰል ወንዝ ጋር ሲሆን፣ ደረጃውን የሚወስነው ዝቅተኛው መለኪያ ነው። ጨካኝ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ፒኤቹ ያማረ ወንዝ አሞኒያው ከበዛ ዓሣውን ይገድላል፣ አማካይ ቢሠራ ግን ይህ ይሸፈናል። በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት መለኪያ ደግሞ ከልኬቶቹ ቢያንስ 80 በመቶው ግቡን ያሟሉለት የውሃ አካል «ጥሩ» ይባላል።

ደረጃው የሚሰጠው ለወንዙ በሞላ ሳይሆን ለየክፍሉ ነው፤ ስለዚህ ከፍሳሽ መውጫ በላይ አንድ፣ ፍሳሹ ከውሃው ጋር ከተዋሐደበት በታች ሌላ ጣቢያ ይቋቋማል።